ማይልስ ጀማልን ይወዳል ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ጃዝ መስማት ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ሙዚቀኞቹን በደንብ ለማወቅ እነሱ ራሳቸው የሚወዷቸውን ሰዎች ብሰማ ይሻላል ብዬ ከየቃለ መጠይቁ ስም እየለቀምኩ ረጅም ዝርዝር አወጣሁ። ግን ምንም ግንኙነት አልታየኝም። ትራምፔተኛው ማይልስ ዴቪስ ከአሕመድ ጀማል ብዙ ወስጃለሁ ይላል፤ ጀማልን ስከፍተው ፒያኖ ነው፣ ትራምፔት የሚባል የለበትም። ችግሩ ጆሮዬ ነው? ደግሞስ የኛው ጌታቸው መኩሪያ የአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ተጽዕኖ አለባቸው የሚባለው እውነት ነው? ሙላቱስ?»

ጆሮህ ደህና ነው፤ የተበላሸው ዝርዝሩ ነው። አንድ ሙዚቀኛ የሚወደው፣ እወዳለሁ ብሎ የሚናገረውና እጁ ውስጥ ገብቶ የቀረው ነገር ለየብቻ ናቸው፤ አንተ ሦስቱንም አንድ ወረቀት ላይ ደባልቀሃቸዋል። የሚገጥሙበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይገጥሙም። ሉዊ አርምስትሮንግ የጋይ ሎምባርዶን ባንድ ከልቡ ይወድ ነበር። ሎምባርዶ ለስለስ ያለ የዳንስ ሙዚቃ የሚያጫውት፣ ስሙ ሲነሳ የጃዝ ተቺዎች ፊታቸውን የሚያጨማድዱበት ሰው ነው። አርምስትሮንግ ግን ሳያፍር ደጋግሞ አመስግኖታል። ከዚህ ተነስተህ አርምስትሮንግን በሎምባርዶ በኩል ልወቀው ብትል፣ የምታገኘው በ1930 አካባቢ በተቀዱ ሸክላዎቹ ላይ ከኋላው የሚንቆረቆረውን የሳክስፎኖች ጣፋጭ ድምፅ ነው። ትራምፔቱን፣ ምቱን እየጎተተ የሚለቅበትን ዘዴ፣ ሎምባርዶ ዘንድ ዓመት ብትፈልግ አታገኘውም። ፍቅሩ እውነት ነው፣ ተጽዕኖውም አለ፤ ያለው ግን አንተ ባልጠበቅኸው ቦታ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃለ መጠይቅ ላይ የተባለን ሁሉ ዝም ብለህ አትመን። አልቶ ሳክስፎነኛው ቻርሊ ፓርከር በ1949 ለዳውንቢት መጽሔት ሲናገር ቴነር ሳክስፎነኛውን ሌስተር ያንግን አብዝቶ ይወደው እንደነበር፣ ተጽዕኖ ግን እንዳላሳደረበት ገልጿል። ፓርከር ያደገባት የካንሳስ ሲቲ ሙዚቀኞች ምስክርነት ሌላ ነው። በ1937 ፓርከር ገና 17 ዓመት ሳይሞላው ኦዛርክ ተራሮች አካባቢ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ያንግ የተጫወተባቸውን የካውንት ቤዚ ባንድ ሸክላዎች ይዞ ሄደ፤ ሶሎዎቹን (ያንግ ለብቻው የሚጫወትባቸውን ክፍሎች) አንድ በአንድ አጥንቶ ተመለሰ። ፓርከር ዋሸ ማለት አይደለም። በ1949 የሚናገረው ሰው የራሱን ስልት አውጥቶ አገር ምድሩ የሚኮርጀው ሰው ነው፤ በልጅነቱ የጠናውን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። አንተ ግን መቁጠር አለብህ።

የሙዚቀኞችን ምርጫ ለማወቅ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው «ብላይንድፎልድ ቴስት» የሚባለውን ዓምድ ነው። ሊዮናርድ ፌዘር የሚባል ተቺ በ1946 ሜትሮኖም መጽሔት ላይ ጀመረው፤ የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ፒያኒስቷ ሜሪ ሉ ዊሊያምስ ነበረች። ኋላ ዳውንቢት ላይ ቀጠለ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የተጫዋቹ ስም ሳይነገረው ለሙዚቀኛው ሸክላ ይከፈትለታል፤ ማን እንደሆነ ይገምታል፣ ምን እንደተሰማው ይናገራል። ዝና ስለማይጋርደው ከተራ ቃለ መጠይቅ ይሻላል። ትራምፔተኛው ሮይ ኤልድሪጅ ነጭ ተጫዋችን ከጥቁር በጆሮዬ ብቻ እለያለሁ ብሎ ከፌዘር ጋር ተከራክሮ በ1951 ተፈተነ። አብዛኛውን ሳተ፤ መሳቱንም አመነ። እንዲህ ያለው ፈተና ስለ ጃዝ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይነግርሃል።

ሆኖም እሱም ቢሆን የዕለቱን ስሜት ነው የሚይዘው። ማይልስ በ1964 ተፈትኖ ያልሰደበው ጥቂት ነው። ሳክስፎነኛውን ኤሪክ ዶልፊን አንቋሸሸ፣ ፒያኒስቱን ሴሲል ቴይለርን አጣጣለ፤ ፒያኒስቱና የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ከቤዝ ተጫዋቹ ከቻርልስ ሚንገስና ከድራመሩ ከማክስ ሮች ጋር የቀዳውንም ሸክላ አልወደደውም። ይህን ያነበበ ሰው ማይልስ ኤሊንግተንን ይንቃል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ኤሊንግተን በግንቦት 1974 ሲሞት ግን ይኸው ማይልስ ስቱዲዮ ገብቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅ የሐዘን ሙዚቃ ቀዳለት። በ1964 የጠላው አንድን ቅጂ ነው፤ ምናልባትም ሦስቱን ሰዎች አንድ ላይ ያስቀመጠውን የሸክላ ነጋዴ።

ወደ ጀማል እንምጣ፤ የጥያቄህ ዋናው ነገር እዚያ ነው። ከፒያኖው ውስጥ ትራምፔት ፈልገህ ነው የጠፋብህ። ማይልስ ከጀማል የወሰደው ድምፅ ወይም ጣት አይደለም፤ ምን መጫወት እንዳለበትና መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ነው። በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ በ1953 እህቱ ከቺካጎ ደውላ ይህን ፒያኒስት ስማው አለችው። በዚያን ጊዜ ጀማልን ብዙዎቹ ተቺዎች የሆቴል ፒያኖ ተጫዋች አድርገው ነበር የሚያዩት። ማይልስ ግን የያዘውን ይዞ አልለቀቀም፤ ለራሱ ፒያኒስት ለሬድ ጋርላንድም እንደ ጀማል ተጫወት ይለው ነበር። በ1956 በተቀዳው «ወርኪን» አልበም ላይ «አሕመድስ ብሉዝ» የሚል ቁራጭ አለ፤ የጀማል ድርሰት ነው፤ ማይልስ ራሱ ትራምፔቱን አስቀምጦ ጋርላንድን ከቤዝና ከድራም ጋር ብቻውን አስጫወተው። በራስህ አልበም ላይ አንተ የሌለህበትን የሌላ ሰው ዜማ ማስገባት ከብዙ ምስጋና ይበልጣል።

አሁን ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን አድርግ። የመጀመሪያው ጀማል በ1955 የቀዳው «ኒው ሩምባ» ነው። ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው፦ ጀማል በፒያኖ፣ ሬይ ክሮፎርድ በጊታር፣ እስራኤል ክሮስቢ በቤዝ። ድራም የለም፤ ክሮፎርድ ጊታሩን እየመታ የኮንጋ (በእጅ የሚመታ ከበሮ) ዓይነት ድምፅ ያወጣበታል። ጀማል በላይኛው የፒያኖ ክፍል አጭር ሐረግ ይጥላል፤ ከዚያ ያቆማል። ሌሎቹ ይመልሱለታል። እንደገና አንድ ሐረግ፣ እንደገና ዝምታ። በዝምታው መሐል ምቱ አልቆመም፤ አንተው ራስህ በእግርህ ስትቆጥረው ታገኛለህ። ሁለተኛው በ1957 ማይልስና አቀናባሪው ጊል ኢቫንስ «ማይልስ አሄድ» በተባለው አልበም ላይ ያስገቡት ያው «ኒው ሩምባ» ነው። 19 ሰው ያለበት ባንድ ነው፤ ማይልስም የያዘው ከትራምፔት ለዘብ ያለ ድምፅ ያለውን ፍሉገልሆርን ነው። ኢቫንስ የሦስቱን ሰዎች ጨዋታ ወስዶ ለነፋስ መሣሪያዎች አከፋፈለው። የጀማል ቀኝ እጅ የጣለውን ሐረግ ማይልስ ይጥለዋል፤ ትሪዮው (የሦስቱ ቡድን) የመለሰውን ባንዱ ይመልሰዋል። የፒያኒስት ተጽዕኖ ትራምፔት ላይ እንዴት እንደሚሰማ ከዚህ በግልጽ የሚያሳይ ቅጂ የለም፤ አንዴ ከሰማኸው በኋላ ደግሞ በሌሎቹ የ1950ዎቹ የማይልስ ሸክላዎች ላይ፣ የጀማል ስም ባልተጻፈበትም ቦታ፣ እየተከተለህ ይመጣል።

የተጽዕኖ ገመድ ከዚህም ረዘም ብሎ ሲሄድ ማየት ከፈለግህ «ፓቫን» የሚባለውን ዜማ ተከተል። ሞርተን ጉልድ የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መጨረሻ የጻፈው ቀለል ያለ የኦርኬስትራ ሥራ ነው፤ ጃዝ አይደለም። የጀማል ትሪዮ በ1955 ቀዳው። በቁራጩ ውስጥ ሁለተኛ የሚመጣውን ዜማ በጥሞና ስማው። ቀጥለህ ሳክስፎነኛው ጆን ኮልትሬን በኅዳር 1961 ኒውዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ ውስጥ የተጫወተውን «ኢምፕሬሽንስ» ክፈት። ዜማው ያው ነው ማለት ይቻላል። ከዜማው ሥር ያለው አካሄድ ግን ከማይልስ «ሶ ዋት» የመጣ ነው፤ ኮልትሬን በ1959 በ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም ላይ ራሱ የተጫወተው ነው። 32 ባር (እኩል የምት ክፍል) ነው፦ 16 ባር በአንድ ቅኝት፣ 8 ባር በግማሽ ቶን ከፍ ብሎ፣ 8 ባር ወደ መጀመሪያው ተመልሶ። ቆመህ ቁጠረው፤ «ሶ ዋት»ም «ኢምፕሬሽንስ»ም ላይ ይገጥማል። ለዳንስ አዳራሽና ለሬዲዮ ኦርኬስትራ የሚሆን ዜማና ከማይልስ የተወሰደ አካል ተጣምረው ኮልትሬን እጅ ላይ ሩብ ሰዓት የሚነድ እሳት ሆኑ። ከኮልትሬን ቃለ መጠይቆች ስም ለቅመህ ብታወጣ የጉልድን ስም የምትጽፍ አይመስለኝም።

ተጽዕኖ ከማን ወደ ማን መሄድ አለበት የሚለውንም ግምት ተው። ሌስተር ያንግ የተወለደው ሚሲሲፒ ነው፤ ያደገው በአባቱ የቤተሰብ ባንድ ውስጥ እየዞረ ነው። የቴነር ሳክስፎን ንጉሥ ኮልማን ሆኪንስ በነበረበት ዘመን እሱ ግን የተከተለው ፍራንኪ ትራምባወር የሚባል ነጭ ሙዚቀኛ ነበር፤ ከቴነር ቀለል ያለ ድምፅ ያለውን ሲ ሜሎዲ ሳክስፎን የሚጫወት። ያንግ ያንን ቀጭን ድምፅ ቴነር ላይ ለማምጣት እንደደከመ ራሱ ተናግሯል። በ1934 ሆኪንስ ከፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ሲወጣ ያንግ ቦታውን ያዘ። የባንዱ ሰዎች ድምፁ ሳሳብን አሉ። የሄንደርሰን ባለቤት የሆኪንስን ሸክላዎች እየከፈተች እንዲህ ተጫወት ትለው ነበር። ሰማ፤ አልተቀበለም፤ ብዙም ሳይቆይ ባንዱን ለቀቀ። በ1927 ትራምባወርና ኮርኔት ተጫዋቹ ቢክስ ባይደርቤክ የቀዱትን «ሲንጊን ዘ ብሉዝ» ሰምተህ ወደ ያንግ ብትመለስ ለምን እንዳልተቀበለ ይገባሃል። አስተውል፤ ያንግን ለማወቅ የጠቀመህ የወደደው ብቻ አይደለም፤ በግድ እየተጋተ የተፋውም ነው። ቃለ መጠይቆች ይህን ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አይጠይቁም።

ኮልትሬንና ሕንዳዊውን የሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካርን በአጭሩ ልለፈው። ኮልትሬን ሻንካርን ያደንቅ እንደነበር የሚያከራክር አይደለም፤ በ1965 የተወለደውን ልጁን ራቪ ብሎታል። ከዚህ ተነስቶ ኮልትሬን የሕንድ ሙዚቃ ተጫወተ የሚል ሰው ግን አጋኗል። የወሰደው አንድ ቅኝት ላይ ረጅም ጊዜ መቆየትንና ከሥር የማይንቀሳቀስ ድምፅ ማስቀመጥን ነው። የሕንዶቹ የምት ሥርዓት የኮልትሬን ድራመር ኤልቪን ጆንስ ዘንድ የለም።

ጋሽ ጌታቸውን በተመለከተ የሰማኸው ስህተት ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። እሳቸው በ1972 ያወጡትን ሸክላ ፈረንጆች ኋላ ሲሰሙት የፍሪ ጃዝ፣ ማለት ከተወሰነ ምትና ኮርድ የወጣው ጃዝ፣ ሳክስፎነኞች ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ትዝ አሏቸው። የሚንቀጠቀጥ ወፍራም ድምፅ፣ እንደ ልቡ የሚፈስ ምት፣ ከዜማ ወደ ጩኸት የሚሻገር ሳክስፎን። ስለዚህ ከአሜሪካ ተማሩት ተባለ። ጋሽ ጌታቸው በክራርና በማሲንቆ ጀምረው፣ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያለፉ ሰው ናቸው። ኦርኔት የመጀመሪያ አልበሙን በ1958 ሲቀዳ እሳቸው አዲስ አበባ መድረክ ላይ ከቆዩ ዓመታት አልፈዋል። ምንጩ ያለው እዚሁ ነው፦ ሽለላ። ሸላይ ሲሸልል ምት አይጠብቅም፤ ቃሉን ይጎትታል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይዞ ድንገት ይቆርጠዋል። እሳቸው ይህንን ከአንደበት ወደ ሳክስፎን አሻገሩት። ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ሲወጡ ቀልድ አልነበረም፤ የሚጫወቱት ምን እንደሆነ እየነገሩህ ነው። ልታረጋግጥ ከፈለግህ አንድ ጥሩ ሸላይ ስማና ወዲያው የእሳቸውን ሸክላ ክፈት። ትንፋሹ የት እንደሚወሰድ ብቻ ተከታተል። ተጽዕኖው እንዲያውም ወደዚያ ነው የሄደው፤ «ዘ ኤክስ» የሚባለው የሆላንድ ባንድ እሳቸውን ፈልጎ መጥቶ በ2006 «ሞዐ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብሯቸው ቀዳ።

የሙላቱ አስታጥቄ ነገር ይለያል፤ ምክንያቱም እሳቸው በመንገዱ ላይ ነበሩ። ከጅማ ተነስተው ዌልስ፣ ለንደን፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ኒውዮርክ። «አሜሪካ ተማሩ፣ ስለዚህ የአሜሪካ ጃዝ አመጡ» የሚባለው ግን ግማሹን ይስታል። በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ያወጧቸው ሁለት አልበሞች ስማቸው «አፍሮ ላቲን ሶል» ነው። የላቲኖቹ ኮንጋና ቫይብራፎን (በበትር የሚመታ ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ) እስከ ዛሬ ከእጃቸው አልወጣም። ዜማው የኛ ቅኝት፣ ምቱ አብዛኛውን ጊዜ የካሪቢያን ዘመድ ነው፤ ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ነው ከጃዝ ትምህርት ቤት የመጣው። የሙላቱን «የከርሞ ሰው» ሰምተህ ወደ ፒያኒስቱ ሆራስ ሲልቨር «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» ብትሄድ የቤዙና የዜማው መመሳሰል ወዲያው ይሰማሃል። የሲልቨር ሸክላ በ1965 ሲወጣ ሙላቱ እዚያው አሜሪካ ስለነበሩ መንገድ ነበረ ማለት ይቻላል። ከዚህ አልፈህ «ወሰዱት» ብለህ አትፍረድ። ሲልቨር ራሱ ያንን ዜማ ከብራዚል ጉዞውና አባቱ ካመጡት የኬፕ ቨርዴ ሙዚቃ ጋር ነው የሚያያይዘው፤ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መቁረጥ ትርጉም ያጣል።

ከሁለቱ የአገርህ ሰዎች መለኪያውን ያዝ። ተጽዕኖ አለ ለማለት መጀመሪያ መንገድ ይኑር፦ ሰውየው ያንን ሙዚቃ መቼ፣ የት፣ በማን በኩል ሊሰማው ቻለ? ቀጥሎ በድምፁ ውስጥ በጣትህ የምታሳየው ነገር ይኑር፦ ይህ ሐረግ፣ ይህ ዝምታ፣ ይህ የባር አቆጣጠር። የሙዚቀኛው ንግግር ሦስተኛ ይምጣ። ንግግር ብቻ ካለህ ፍቅር ነው፤ ደስ ይላል፣ ስለ ሰውየው ጠባይ ብዙ ያሳውቃል፣ ስለ ጨዋታው ግን ላያሳውቅ ይችላል። መመሳሰል ብቻ ካለህ ደግሞ የጋሽ ጌታቸው ዓይነት ስህተት ውስጥ ትገባለህ።

የምመክርህ ቁርጥ ያለ ነው። ዝርዝሩን ቅደደው። አንድ ሙዚቀኛ፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ ዜማ በሁለት ቅጂ ያዝ፤ ማይልስን፣ ጀማልንና «ኒው ሩምባ»ን። ሌላ ሳትጨምር ጀማል «ኒው ሩምባ»ን የሚከፍትበትን ዜማ በአፍህ እስክትወጣው ስማ፤ መሣሪያ ካለህ በመሣሪያህ አውጣው። ዝምታዎቹንም አብረህ አጥና፤ ስንት ምት እንደሆኑ ቁጠር። የማይልስን ክፈት የምልህ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ቃለ መጠይቁን መጨረሻ ላይ አንብበው፤ አስቀድመህ ካነበብከው የተነገረህን ትሰማለህ። ይህ ከገባህ ወደ «ፓቫን»ና «ኢምፕሬሽንስ» እለፍ፤ ከዚያ ወደ ያንግና ትራምባወር። በዚህ መንገድ ሰውየው ባለቤቱን እንዴት እንደያዘ፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ አታውቅም፤ እሱን ሙዚቃ ውስጥ አትፈልገው። ለምን እንዲህ እንደሚጫወት ግን ከብዙ የሕይወት ታሪክ አንባቢ በተሻለ ታውቃለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንተርኔት ላይ አሕመድ ጀማል ብለህ ስትፈልግ ቀድሞ የሚመጣልህ በጥር 1958 ቺካጎ ፐርሺንግ ሆቴል የተቀዳው ነው። ግሩም ነው፣ «ፖይንሲያና» ያለበት እሱ ነው፤ ግን ቬርኔል ፎርኒየር ድራም ይዟል፣ ክሮፎርድም የለም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግህ 1955ቱ ነው። የከፈትከው ላይ የክሮፎርድ ጊታር ምት ሳይሆን እውነተኛ ድራም ከሰማህ ዘግተህ እንደገና ፈልግ።